የተቃጠለው ዘይት የማን ነው

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እላችኋለሁ። ክረምቱ ሊገባ ደጃፍ ላይ እንደነበረ ግን አልረሳም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ዝናቡ ሳይቀድመን እንቅደመው በማለት ነውና። ባለፈው ሰሞን ከጭሮ መናኸሪያ በታች ባለው መንገድ ሳዘግም አንድ ባጃጅ ጠጋኝ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ እየቀዳ፣ አቧራ እንዲያስርለት ደጁ ላይ ሲረጭ አየሁት። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ በራሱ ቆመ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለሌላው ሰው ቆሻሻ ነው። ለእኔ ግን የእሁድ ረፋድ ነው፣ ሟች ባለቤቴ ናት፣ ጣሳ ይዞ የሚጠብቅ የሰፈር ሰው ነው። ለምን ትደፋዋለህ፣ ግድግዳውን ምስጥ የያዘበት ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ በትሕትና ነው፣ "አባባ፣ አሁን ማን በእንጨት ይሠራል? ሁሉም ብሎኬት ሆኗል" አለኝ። እውነቱን ነው። ግራና ቀኙን ባይ ብሎኬትና መስታወት ነው። ምን ልገዛ እንደወጣሁም ጠፋብኝና ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢንከረፈፍ ታገሡኝ፤ እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

ከተማችንን ጭሮን ሁላችንም አሰበ ተፈሪ በምንላት ጊዜ (አሁንም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነው) አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። ከአንድ የበደሳ ቡና ነጋዴ ላይ የገዛኋት ናት። ቀለሟ ሲወለድ አረንጓዴ ነበር ይባላል፤ እኔ ጋ ስትደርስ ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ ደግሞ እኔ በብሩሽ የቀባኋት ሰማያዊ የበር ቀለም ነበር። ወለሏ ተበስቶ መንገዱን በእግርህ ሥር እያየህ ነው የምትነዳት። ቴፗ ካሴት ከዋጠ አይመልስም። አንድ ካሴት ውጦ ቀርቶ፣ በደሳ ስንወጣም ያው ዘፈን፣ ቦርደዴ ስንወርድም ያው ዘፈን፤ ተሳፋሪው በሙሉ በቃሉ ይዞት ከዘፋኙ እየቀደመ ይጨርሰዋል። በገበያ ቀን ከበደሳ ቡናና ጫት ይዤ የኩኒን ዳገት እያቃሰትኩ እወጣለሁ፤ ሌላ ቀን ሽንኩርት ይዤ ወደ ቦርደዴ ሙቀት እወርድና ፍየል ጭኜ እመለሳለሁ። ሻይ በስሙኒ ነበር። ከነጋዴዎቹ ግማሹ ሽርጥ ታጥቆ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ እኛ ሾፌሮቹ ግን ከሰልባጅ ክምር የመረጥነውን ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ ጃኬት ለብሰን በዚያ ሙቀት እንኳ አናወልቅም። የጸጉር ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ የዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ሐጂው ከበርሜል በእጅ ፓምፕ እየሳበ ዘይት የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ። ሐጂው ሳይሸጥልህ በፊት አንድ ጠብታ መዳፍህ ላይ ጣል አድርጎ "እየው" ይልሃል። አይተህ፣ አሽተህ፣ አሽትተህ ነው የምትገዛው። ዛሬ ዘይቱ በታሸገ ቆርቆሮ ነው የሚመጣው፤ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ላዩን አንብብ ነው የሚሉህ።

ዘይት የምቀይረው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ግቢዬ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ቆፍሬ አፉን በድንጋይ ገንብቼዋለሁ፤ ፒካፗን ጎማና ጎማዋ መሐል ጉድጓዱ እንዲሆን አድርጌ አቆምና ወደ ሥር እወርዳለሁ። ሞተሩ ሞቅ ማለት አለበት፤ የቀዘቀዘ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። የዘይት መፍሰሻውን ቡሎን፣ ታፖ የምንለውን፣ ስፈታው ጥቁሩ ዘይት እንደ ገመድ ሆኖ ወደ ባልዲው ይወርዳል። የመጀመሪያውን ጠብታ በሁለት ጣቴ አሸዋለሁ፤ የሚቆረቁር ነገር ካለው ሞተሩ ውስጥ የሚበላላ ብረት አለ ማለት ነው። ባለቤቴ ስንዱ ከላይ ሆና "ምን አለችህ?" ትለኛለች። ደህና ነኝ አለች እላለሁ። ይቺ ነበረች ሰርቪሳችን።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተቃጠለው ዘይት የእኔ አልነበረም። የሰፈሩ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔም ከቀደሙኝ ሾፌሮች ነው ያየሁት። እኛ አገር ምስጥ ክፉ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለህ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ከሥሩ ዱቄት ይሆናል። የተቃጠለ ዘይት የጠጣ እንጨት ግን ምስጥ አይደፍረውም። ስለዚህ መኪናዬ ጉድጓዱ ላይ ስትቆም ያየ ሁሉ ጣሳውን፣ ገንቦውን፣ የተሰነጠቀ ጆጉን ይዞ ይመጣል። ተራው በመጣ ቅደም ተከተል አይደለም፤ በግድግዳው ክፋት ነው። የማን ቤት እንደዘመመ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ክርክር የለም። ቀልዱ ግን አያልቅም። አንዱ "ጋሽ ታደሰ፣ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ንዳት እንጂ፣ አጥራችን አለቀ" ይለኛል። ሌላው "ላሚቱ ዛሬ ስንት ጣሳ ታለበች?" ይላል።

ከሁሉ ፊት የምትቀዳው የአህመድ እናት ነበረች። ከአጥሬ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶ መናኸሪያ በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች አንድ ልጇን አህመድን ያሳደገች። ልጁ ጢሙን ሳያበቅል በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጣና መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቤቷ የጭቃ ነው፤ በሰፈሩ መጨረሻው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ፣ እርጥበት የሚያድርበት። አማርኛዋን ኦሮምኛ ይቀድመዋል፤ ምስጥን ሪርማ ነው የምትለው። ጣሳዋን ስታስቀምጥ "ሪርማ ራቱን በልቶ ምሳ እየጠየቀኝ ነው" ትላለች። ጣሳው ሲሞላላት በነጋታው ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በአጥሩ ቀዳዳ ይገባል። የእኔን ዘይት እሷ አልገዛችውም፣ የእሷን ሳምቡሳ እኔ አልገዛሁትም። እንዲህ ነበር የኖርነው።

ስንዱ ከሞተች በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ ልጃችን ሂሩት ተምራ አዲስ አበባ ቢሮ ገብታለች። ለተዝካሩ መጥታ ሳለ እኔ የኋላ ጎማ ልፈታ ከሥር ተኝቼ ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናዋ ትከሻዬን ነካችው። ብዙም አልጎዳኝም። ሂሩት ግን በሩ ላይ ቆማ አይታዋለች። ያን ቀን ያወጣችውን ድምፅ ለእናቷም አላወጣችውም። እናቴን ቀብሬ አንተን ደግሞ ከመኪና ሥር ልጎትት ወይ እያለች ስታለቅስ፣ እኔ አቧራዬን አራግፋለሁ። ከዚያ በኋላ በስልክም በአካልም አንድ ነገር ብቻ ሆነ ወሬያችን። አሮጌዋን ሽጥ፣ እኔ ከባንክ ተበድሬ አዲስ እገዛልሃለሁ፤ ካምፓኒው ጋራንቲ አለው፣ ዘይቱን የሚቀይሩት እነሱ ናቸው፤ አንተ መሪ ብቻ ትይዛለህ። እኔም እሺ አልኩ። ልጅ ሲያዝንልህ እንቢ ማለት ከባድ ነው።

አሮጌዋን የገለምሶ ሰው ወሰዳት። ካሴቱን ውጣ እንደዘፈነች ሄደች። አዲሷ ነጭ ነበረች፤ መስኮቷ በቁልፍ የሚወርድ፣ ወንበሯ ላስቲኩ ያልተነሳለት፣ ስትነሳ ድምፅ የሌላት። የሰፈሩ ሰው መረቀኝ። የአህመድ እናት ዙሪያዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና "ወላሂ ሙሽራ ናት፤ ግን ይቺ ትታለባለች?" አለች። ሁላችንም ሳቅን። የሳቅነው ስላልገባን ነው።

የካምፓኒው ደንብ እንዲህ ነው። የተባለውን ያህል በነዳህ ቁጥር ይዘህ መሄድ አለብህ፤ እነሱ ራሳቸው ዘይት ይቀይራሉ፤ ሌላ ሰው ታፖውን ከነካ ጋራንቲው ይሰረዛል። ጋራዡ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ከጭሮ ተነስተህ ሚኤሶን፣ ቦርደዴን፣ አዋሽን አልፈህ፣ የገበያ ቀንህን ሠውተህ፣ ዘመድ ቤት አድረህ ጠዋት ትሰለፋለህ። ለአንድ ባልዲ ዘይት። መኪናዋን ከእጄ ተቀብለው እኔን መስታወት ቤት ውስጥ ያስቀምጡኛል። ቴሌቪዥን አለ፣ በማሽን የሚቀዳ ቡና አለ፣ ለስላሳ ወንበር አለ። ከመስታወቱ ማዶ መኪናዬ ወደ ላይ ተነስታ ተንጠልጥላ ከሥሯ የማላውቀው ሰው ቆሟል። እንዲህ ታማሚ ተኝቶ ዘመድ ውጭ ሲጠብቅ ነው የሚመስለኝ። መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ፣ የወረደውን ዘይት አንዴ በጣቴ ልየው ብዬ ለመንኳቸው። ክራባት ያሰረው ተቀባይ ወጣት በጣም ትሑት ነበር። እንደዚያ ያቃጠለኝ ትሕትናው ነው። "አባት፣ እሱ እኮ ወደ በርሜል ሄዷል። እርስዎ አይጨነቁ፣ ቁጭ ይበሉ" አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። የተቃጠለውን ስጡኝ፣ ጎረቤቶች ይፈልጉታል አልኩት። ምን ያደርግላቸዋል አለኝ። ምሰሶ ያጠጡበታል አልኩት። አሁንም አልሳቀብኝም። አይፈቀድም፣ በርሜሉን የሚረከብ ሌላ ድርጅት አለ አለኝ። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ያን ሁሉ መንገድ ተመለስኩ። ቦርደዴ ላይ ቁጭ ብዬ ለስላሳ ስጠጣ አንዲት ፍየል ሻጭ ጀሪካኑን አይታ ማር ይዘህ ነው ወይ አለችኝ። ማር አልኩ በልቤ፣ ማር ጠፋ።

እንግዲህ ሰፈሩ ጣሳውን ይዞ መምጣት አቆመ። ማንም አላጉረመረመም። እኔ ነኝ የማየው፤ የአንዱ አጥር ሲጋደም፣ የሌላው በር ከመቃኑ ሲላቀቅ። ታፖው ላይ ካምፓኒው ቀይ ቀለም ሰረዝ አድርጎ ቀብቶበታል፤ ከተፈታ ሰረዙ ይሰበራል። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ እልና ከሥር ያችን ቀይ ሰረዝ አያታለሁ። የራሴ መኪና ላይ የሰው ማኅተም። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን የገዛ ቤቴ በር ላይ ዘበኛ የቆመብኝ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ያ የማልረሳው ክረምት ሊገባ ሲል የአህመድ እናት ቤት ወደ እኛ አጥር ዘመመ። ምሰሶው ከሥሩ ተበልቶ ጣራው በግድግዳው ጉልበት ብቻ ነው የቆመው። ያላትን ሁሉ አሟጣ አዲስ ምሰሶና ቋሚዎች አስቆርጣ በግቢዋ አጋድማቸዋለች። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዘይት ሳይጠጣ መሬት ከገባ ምስጡ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል፤ ሁለተኛ ማስቆረጫ የላትም። ዘይት ልግዛ ብላ የባጃጅ ጠጋኞቹን ጠይቃ ነበር፤ ከባጃጅ የሚወርደው አንድ ብርጭቆ አይሞላም። እኔን አልጠየቀችኝም። ልጄ ምን እንዳለች፣ ካምፓኒው ምን እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ግን ባዶ ጣሳዋን ይዛ መጥታ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ አለች። ስለ አህመድ አወራች፣ ስለ ምግብ ዘይትና ዱቄት ዋጋ አወራች። ጣሳውን አላነሳችውም። ስትሄድም ትታው ሄደች። ረስታው ይሁን አውቃ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

በዚያ ሰሞን ንፋሱ በመጣ ቁጥር የዚያ ቤት ጣራ ሲንቋቋ እሰማ ነበር። ከሥሩ የምትተኛው እሷ ናት። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ደመናው በኩኒ በኩል ጠቁሯል። ፒካፗን ጉድጓዱ ላይ አቆምኩና ወረድኩ። ቀይዋን ሰረዝ አየኋት። ከዚያ ቁልፉን አስገብቼ ታፖውን ፈታሁት። ዘይቱ ሞቅ ያለ ነበር፤ እጄ ላይ ሲወርድ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንዱ ከላይ ሆና "ምን አለችህ?" ያለችኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አዲሱን ዘይት ከከተማው ሱቅ በታሸገ ቆርቆሮ ገዛሁ፤ ሐጂው ከሞተ ቆይቷል፣ መዳፍህ ላይ ጠብ የሚያደርግልህ የለም። ሰፈሩ ሲሰማ እንደ ድሮው ጣሳ ይዞ መጣ። የአህመድ እናት በሁለት እጇ ምሰሶዋን እየቀባች፣ ሴቶቹ እያገዟት፣ አንዱ "ሙሽራይቱ ወለደች" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ዝናቡ ሳይመጣ ምሰሶው ቆመ። ያን ዕለት ደስ ብሎኛል። አልዋሽም።

ክረምቱ ተጋምሶ ከበደሳ ቡና ጭኜ ስመለስ፣ ኩኒ ዳገት ላይ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳ ጀመር። እንደ መዶሻ ነው። ዳር አውጥቼ አጠፋኋት፤ ዳግመኛ አልተነሳችም። በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና አዲስ አበባ ገባች። ያ ትሑት ወጣት በዚህ ጊዜ መስታወት ቤቱ ውስጥ አላስቀመጠኝም፤ ወደ ውስጥ ጠራኝና በባትሪ ታፖውን አሳየኝ።

"አባት፣ ይሄን ማን ፈታው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

ለጎረቤቴ ምሰሶ ማለት አፌ ላይ መጣ። እዚያ ንጹሕ ወለል ላይ ቆሜ እንዴት እንደሚሰማ ሳስበው ዋጥኩት። ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ጋራንቲ ተሰረዘ። የገባው ዘይት ሞተሩን ጎድቶታል አሉ። ዘይቱ ይሁን፣ ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ሕመም ይሁን፣ ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው የማን ተንኮል ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድሮ ቢሆን ጠብታዋን በጣቴ አሽቼ፣ ሞተሩን ከፍቼ፣ የሆነውን አውቄ ነበር የማዝነው። አሁን ማዘኑ ብቻ ነው ለእኔ የተተወው።

ለሂሩት ከጋራዡ በር ላይ ደወልኩላት። ቢሮዋ እዚያው ከተማ ነው፤ ግን አልመጣችም። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። "እኔ እኮ መኪና አልነበረም የገዛሁልዎት። ከመኪና ሥር የሚወጡበትን ነበር" አለችኝ። ስልኩን ዘጋች። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንተ እያለች ያደገች ልጅ ናት። ያን ቀን አንቱ ሆንኩባት። ክብር እንዳይመስላችሁ። አጥር ነው።

ሞተር ማስቀየር ከእኔም ከእሷም አቅም በላይ ነበር። መኪናዋን እንዳለች አንድ ሰው ገዛት፤ ባንኩ ግን ከሂሩት ላይ እጁን አላነሳም። በዚያ ብድር ምክንያት ልትገዛ ያሰበችውን ቤት ተወችው ሲሉ ከዘመድ ሰማሁ፤ እሷ አልነገረችኝም፤ ስልክ መደወሉንም ትታለች። እኔም ስደውል ትጠፋለች። ግቢዬ ውስጥ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ የዘይት ቀለም ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥና ተነስቶ ይሄዳል። ምግብም ይዘጋኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሳምቡሳ ይገባል፤ ማታ የአህመድ እናት እዚያው ሳይነካ ታገኘዋለች፤ በነጋታው ሌላ ታስገባለች።

አንድ ጠዋት ሳምቡሳው አልገባም። መናኸሪያ በር ላይም ምጣዷ አልተጣደም። የት እንደሄደች ሰፈሩ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። የአህመድ እናት ከሚኤሶ ወዲያ ሄዳ አታውቅም፤ ሚኤሶም የሄደችው ለለቅሶ ነው። ያን ቀን ግን አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዛለች። ከአሮጌው ምሰሶዋ የተበላውን ጫፍ ቆርጣ በፌስታል ቋጥራ። የሂሩትን ቢሮ ከየት አወቀች ብትሉኝ፣ ጭሮ ውስጥ የማን ልጅ የት እንደሚሠራ የማያውቅ ሳምቡሳ ሻጭ የለም፤ ሹፌሮቹ ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ አድርሰዋታል።

የሆነውን በኋላ ሂሩትም እሷም በየፊናቸው ነግረውኛል፤ ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ነው። ዘበኛው በር ላይ መታወቂያዋን ይዞባት፣ ሂሩት ተጠርታ ወርዳ ወደ ላይ አወጣቻት። የአህመድ እናት ሰላምታውን አላስረዘመችም። ፌስታሉን ፈትታ እንጨቱን የሂሩት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። እንደ ዱቄት ተፈረፈረ፤ ከወረቀቱ ከምኑ ላይ ፈሰሰ።

"ይሄ ነው እኔ ላይ የሚያድረው የነበረ" አለቻት። "አንቺ መኪናው አባትሽ ላይ እንዳይወድቅ ፈራሽ። እሱ ቤቱ እኔ ላይ እንዳይወድቅ ፈራ። ሁለታችሁ አንድ ናችሁ፤ ምንድን ነው የሚያጣላችሁ? መቆጣት ካለብሽ ይኸው እኔ፤ ዘይቱ ያለው እኔ ቤት ነው።"

ሂሩት ዱቄቱን በእጇ ሰበሰበችው አሉ። በዚያው ቀን ሲመሽ ስልኬ ጮኸ።

"ጎረቤትዎ እኔ ጋ ናቸው። ራት በልተዋል፤ ነገ አሳፍራቸዋለሁ" አለችኝ።

የአህመድ እናት? አልኳት። እሳቸው ስም አላቸው አለችኝ፤ መታወቂያቸው ላይ አንብቤዋለሁ። ስሟንም ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አጥር ተጋርተን፣ ዘይቴን ጠጥቶ ቤቷ ቆሞ፣ ሳምቡሳዋን በልቼ ውዬ፣ የገዛ ስሟን አላውቀውም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ "እርስዎስ በልተዋል?" አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ። በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም ነበር፤ ስልኩን ስዘጋ ግን የተደራረበውን ሳምቡሳ ከአጥሩ ሥር አንስቼ፣ ጠንክሮም ቢሆን፣ ቆሜ በላሁት።

ነገሩ ተጠገነ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሂሩት ለፋሲካ መጣች። ወደ ማዶ ቤት ሄዳ ምሰሶውን በመዳፏ ገፋ አድርጋ አየችው፤ ጥቁር እጇን ይዛ ተመልሳ በሳሙና ስትታጠብ ቆየች። አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ መድኃኒት ትልካለች። ግን እስከ ዛሬ አንቱ ነኝ። ብድሩንም ገና እየከፈለች ነው። ነጯ ፒካፕ አዲስ ሞተር ገብቶላት የበደሳን መንገድ ትመላለስበታለች፤ አንዳንዴ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጥግ ላይ ታልፈኛለች፤ ሹፌሩ አያውቀኝም። ጉድጓዱን አፈር ሞልቼ ጎመን ዘርቼበት ነበር። ዘይት የጠጣ አፈር ነው፤ አልበቀለም።

የማዶው ቤት ግን ቆሟል። ዙሪያው ሁሉ ብሎኬት ሲሆን እሱ ብቻ ጭቃ ነው፤ ምስጥም አልደፈረውም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አሁንም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይገባል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ እጠራታለሁ። የአህመድ እናት ማለት ትቻለሁ። ያን ክረምት ያሻገረችኝ ሰው ሰዓዳ ዑመር ትባላለች።